ከሮቶው በላይ ያለችው ኮከብ

ለእትዬ አደይ፣

የሰመራ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ጋሽ ተረፈስ ደህና ነው? እኛ ቡታጅራ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ቢለንም ተመስገን፣ ደህና ነን። ስልክሽን ሁልጊዜ የምታነሳው ልጄ ናዝሬት ስለሆነች ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

ከሴቶቹ ጋር በዊጆ ማኅበራችን እያዋጣን ያጠራቀምነው የመስቀል ቅቤ ደርሶኛል፤ የናዝሬትን ድርሻ ለብቻው አስቀምጫለሁ። ዩኒፎርሟንም አሰፍቻለሁ።

ልጄን ለክረምት ብቻ ብልክልሽ አውሮፕላን በድምፁ መለየት አስተምረሻታል። ወሬዋ ሁሉ እሱ ሆኗል። ማታ አልጋ ግቢ አውጥታችሁ ኮከብ ስታዩ ክንድሽ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል አለችኝ። እኔ ሳቅፋት «ሞቀኝ» ብላ ትገፋኝ ነበር። በረሃው አይሞቃትም መሰለኝ።

ትናንት ደግሞ «እማዬ፣ ከቤታችን ሮቶ በላይ አንዲት ቀይ ኮከብ አለች፤ ሲመሽ ወጥተሽ እያት» አለችኝ። ደመናው ገለል ሲል ወጣሁና ቀና ብዬ ፈለግኳት። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እኛ ቤት እኮ ሮቶ የለም።

ለመስቀል አገሩ የማይገባ የለም፤ እናንተንም በሰላም ያግባችሁ። ጋሽ ተረፈን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ ሆሳዕና፣
የናዝሬት እናት