ቃሬዛችንን ከኮንቴይነሩ አውጡልን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ተሻገር፣
የወረዳችን የዘላቂ ተሽከርካሪ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ስብሰባው ባለበት ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደህንነት፣ የኮሚቴዎን አባላት ሰላም እየጠየቅኩ፣ አላህ ከሰማይ ከሚወርደውም ከምድር ከሚነሳውም ክፉ ነገር እንዲሰውራችሁ፣ ይልቁንም ከመቀመጥ ብዛት ወገባችሁን እንዳያማችሁ እመኛለሁ። እኔ ሰዲቅ እባላለሁ፤ ወይራ ገበያ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ለስብሰባ አዳራሻችሁ መጋረጃ ያስለካችሁኝ ሰው ነኝ ብል ያስታውሱኝ ይሆናል። ቢሮዎ ስመላለስ ሰንብቼ «ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው» ከመባል በቀር ሌላ ቃል ስላላገኘሁ፣ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ መድፈሬን በትሕትና ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ለሥልጠና ሄደው ሲመለሱ ከባድ ወሬ ይዘው መጡ። ሰማይ ላይ ቦምብ ቢፈነዳ ወይም ፀሐይ ብትቆጣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፐልስ የሚባል ማዕበል ይነሳል፤ በዓይን ጥቅሻም ኮምፒዩተር ያለበትን ዕቃ ሁሉ ያቃጥላል፤ አዲስ መኪና የሆነ ሁሉ በቆመበት ይቀራል። እኔ መጀመሪያ የቧልት ነገር መስሎኝ ስቄ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምረው ዳግማዊት ግን ነገሩ እውነት መሆኑን፣ ኮምፒዩተር የሌለው የድሮ ናፍጣ መኪና ሊተርፍ እንደሚችል፣ በብረት ተዘግቶ የተቀመጠም ዕቃ እንደሚድን አስረድታኛለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሳይንሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከቀኑ ጋር ነው። የፐልሱን ቀን የሚያውቅ የለም፤ የሂባ ቀን ግን ደርሷል።

ሂባ ባለቤቴ ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን የተገላገለችው በኦፕራሲዮን ነው። የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ማስተዋል፣ ሁለተኛውን እዚህ ልትሞክረው እንደማይገባ፣ ምጥ ሳይጀምራት ንፋስ መውጫ ሆስፒታል መድረስ እንዳለባት፣ ያለዚያ የቀድሞው ስፌት ሊተረተር እንደሚችል ፊት ለፊት ነግራኛለች። እኔ የጨርቅ ሰው ነኝና ስፌት ሲተረተር እንዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በገበያው ሚኒባስ ልወስዳት ጓዛችንን አስረን ስንጠብቅ፣ ዝናቡ ዳገቱን አፍርሶት ሚኒባሱ ሳይመጣ ቀረ። ባጃጅ ያንን ጭቃ አይደፍረውም። የሚደፍረው በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ባለ ሁለት ዲፍ አምቡላንሳችን ብቻ ነው፤ እሱም በእናንተ ጥበብ ከፀሐይ ቁጣ ተሰውሮ ተቀምጧል። እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፐልስ የማይገድለውን መኪና ለመምረጥ ስላሳያችሁት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ግቢያችሁ ጥግ የቆመው፣ ኮምፒዩተር የሚባል ያልፈጠረበት፣ ተገፍቶ የሚነሳው አሮጌ ፒክአፕ መጀመሪያ ቀርቦ፣ ሬዲዮ ስላለውና ሬዲዮው ሊቃጠል ስለሚችል መውደቁን ሰምቻለሁ። ትራክተሩ ጣሪያ ስለሌለው ወደቀ። በመጨረሻ ከመካከላችሁ አንድ ብልህ ሰው በቅሎ ኮምፒዩተር እንደሌላት አስታውሰው እሷም ለውድድር ቀረበች፤ ሆኖም ሊብሬና ታርጋ ስለሌላት በሙሉ ድምፅ ተሰረዘች። በቅሎዋ ይግባኝ ማለት ስለማትችል እኔ በእሷ ፈንታ ቅር መሰኘቴ ይመዝገብልኝ።

ሁለተኛ፣ አዲሱ አምቡላንስ ኮምፒዩተር አለበት ተብሎ፣ ተተኪው እስኪመረጥ ድረስ ኮንቴይነር ውስጥ እንዲገባ መወሰኑን እናውቃለን። ኮንቴይነሩ ከውስጥ በካርቶንና በምንጣፍ ተለብጧል፤ ከውጭ የዶሮ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋትም በሦስት ሰው ቁልፍ ካልሆነ አይከፈትም። አንዱ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው፤ አንዱ ግዥ ክፍሉ ዘንድ፤ ሦስተኛው ደግሞ እንደገና ለሥልጠና በሄዱት አባል ኪስ ውስጥ ባሕር ዳር ነው። ሦስታችሁን አንድ ላይ ያየናችሁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ዘበኛችሁ ማሬ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ «ጋሼ ሰዲቅ፣ ቁልፉ እኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ይች ሴት እስካሁን ደርሳ ነበር» ብሎ አፅናንቶኛል። ቁልፍ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ልብ፣ ቁልፍ ላለው ደግሞ እንዲህ ያለ ስብሰባ አላህ ማደሉ ይገርመኛል።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ከአምቡላንሱ በፊት ወይራ ገበያ የቃሬዛ ማኅበር ነበራት። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ሰው ሲታመም ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባውን የሰማ ቤት ሁሉ አንድ ትከሻ ይልካል፤ የቀረ ሰው በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ የሚያየው ፊት የለም። ቃሬዛውም እንዲያው ቃሬዛ አልነበረም። እጀታው የተለዘበ ወይራ፣ ወለሉ የተጠለፈ ጠፍር ነበር፤ እኔን ራሴን በልጅነቴ ወባ ጥሎኝ ተሸክሞኛል። አምቡላንሱ የመጣ ዕለት ግን እኛ የዋሆቹ ደስታው ራሳችን ላይ ወጣ። ከእንግዲህ በትከሻ መሄድ ቀረ ብለን፣ ቃሬዛውን በእልልታ ተሸክመን፣ በገዛ እጃችን ለማስታወሻ አስረከብናችሁ። እናንተም በክብር ተቀብላችሁ «ቅርስ» ብላችሁ ስም አወጣችሁለት፤ ቅርስ ደግሞ ጥበቃ ያስፈልገዋልና ከአምቡላንሱ ጎን ኮንቴይነሩ ውስጥ ቆለፋችሁበት።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እንጨትና ጠፍር ከፀሐይ ማዕበል ማዳናችሁን የሰማች ዳግማዊት ምን እንዳለች አልጽፍም፤ መምህር ናትና ስሟን ልጠብቅላት።

ክረምቱ ሲገባ የማኅበሩ ዳኛ የሞላ እህት ማንአለሽ ደም ፈሰሳት። አምቡላንሱ ተቆልፎበታል፤ ቃሬዛው ተቆልፎበታል። ሞላ በራችሁ ላይ ቆሞ «ትከሻስ አለን፤ በምን ላይ አርገን እንሸከማት?» እያለ ሲጮኽ ሰምታችሁት ይሆናል፤ መስኮታችሁ ክፍት ነበር። በብርድ ልብስ አራት ጫፍ ይዘዋት ሄዱ። ወንዙን ሳይሻገሩ አረፈች። የመግነዟን ነጭ አቡጀዲ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሂባ ሱቅ ስትገባ ያንን ነጭ ጣቃ ማየት ስለማትችል፣ ከላይኛው መደርደሪያ ከኋላ አድርጌዋለሁ።

አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን መልካም ዜና ነው። ፐልሱ ሲመጣ መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል ብላችሁ ስለምትጨነቁ፣ እባካችሁ ተረጋጉ። ወይራ ገበያ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ መውጣት አለብን፤ መኪናችንን ራሳችሁ አቁማችኋል። የምትፈሩት ቀን እኛ ዘንድ ገብቶ ጎረቤት ሆኗል። ሰማዩን የምትጠብቁትን ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ብትመለከቱ ታዩት ነበር።

ከዚህ በኋላ ማሾፉ አልሆነልኝም። ፈርቻለሁ፤ እንቅልፍ የለኝም፤ ሂባ ፈገግ ስትል እንኳ እፈራለሁ። አምቡላንሱን ስጡኝ ማለት እንደማልችል ተረድቻለሁ፤ ለእኛ ለዛሬዎቹ ሰዎች ሳይሆን ፐልሱን ለሚያልፉት የታሰበ ነውና። የምጠይቀው ቃሬዛውን ነው። ኮምፒዩተር የለውም፤ ሬዲዮ የለውም፤ ናፍጣ አይጠጣም። ፐልስ የማይገድለውን ተሽከርካሪ ስትፈልጉ የከረማችሁት እሱን ከአጠገባችሁ ቆልፋችሁ ነው። ሽቦውን ለእጅ መግቢያ ያህል ቆርጣችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ብታቀብሉን፣ ተጠቅመን፣ አጥበንና አድርቀን ወደ ቅርስነቱ እንመልሰዋለን። ሊብሬ ካስፈለገውም ሞላ ሄዶ ያወጣለታል።

የወደፊቱን አርቆ የሚያየው ዓይናችሁ እንዳይደክም፣ ኮንቴይነራችሁም እንዳይዝግ እየተመኘሁ፣ ከእግራችሁ በታች ሆኜ ወደ ላይ ቀና ብዬ የማያችሁ፣

ሰዲቅ፣ የወይራ ገበያ ጨርቅ ነጋዴና የሂባ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሂባን ምጥ ጀመራት። ሞላ ጥሩንባውን ነፋ፤ አንድም ቤት አልቀረም። ሌላ ስላጣን የሱቄን በር ከማጠፊያው ነቅለን፣ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና አስረንበት፣ እሷን በላዩ አስተኝተን አሁን በቢሯችሁ ደጅ እያለፍን ነው፤ ደብዳቤውን የሚቀበለኝ ማሬ ነው፣ እናንተ ስብሰባ ላይ ናችሁና። በሩ ከእኛ ጋር ስለሄደ ሱቁ ክፍት ነው። ያስለካችሁኝ መጋረጃ ተሰፍቶ ተቀምጧል፤ ገብታችሁ ውሰዱ፤ ሌላም ያማራችሁን ጨርቅ ጨምሩበት። ነጩን ጣቃ ብቻ አትንኩብኝ። በሩ ሲመለስ፣ አላህ አያምጣውና፣ ሂባ በእግሯ ከጎኑ ካልመጣች፣ የምቆርጥላት ከእሱ ነው።