ክቡ ከየት እንደሚጀምር

ይድረስ ፊደል ላስቆጠርሽኝ ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ሰው ይህን ለወግ ይጽፈዋል፤ እኔ ግን የምጠይቅሽ የእውነቴን ነው። ደረትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ መሃል ላይ ትቆሚያለሽ? እኔ እቆማለሁ። ሰው እንዳይታዘበኝ ቁልፍ የጠፋብኝ መስዬ ቦርሳዬን እጎረጉራለሁ። የቀረው አካሌ ደህና ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ልጅ አልወለድንም። ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ጋራዥ ግቢ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መዶሻ እሰማለሁ፤ እሁድ ዝም ሲል ደግሞ ጆሮዬን ይጨንቀዋል። አነባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ መጽሐፍ ሲያልቅብኝ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚገባውን ወረቀት ሳይቀር። ፊደሉን ካንቺ፣ የቀረውን ከራሴ ተማርኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብላ ዛሬ ምን አመጣት ትዪ ይሆናል። ልንገርሽ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ በሬን አንኳኩታ፣ "አንቺ፣ ክር ማቅለሚያ ውስጥ ሠርተሻል አይደል?" አለችኝ። ድምጿን በስልክ ስለሰማሽው አልነግርሽም። ሰፈሩ "ጡሩንባ" ነው የሚላት፤ እሷም አቤት ትላለች። የማቅለሚያ ክፍል የድሮ ሠራተኞች ሳንባቸው በነፃ እንዲመረመር የሚጠይቅ ማኅበር አቋቁማ ነበር። ማኅበር ስትለኝ አዳራሽና ወንበር መስሎኝ ነጠላዬን ለበስኩ። ለካ ማኅበሩ ስልክ ውስጥ ነው። አንድ ገጽ አለ፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል። ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን ለጤና ቢሮው ወረቀት እንደሚያደርስ፣ መራመድ ያቃተውን ማን ደግፎ እንደሚወስድ። የምትችይውን መርጠሽ ስምሽን ታስገቢበታለሽ፤ ስትጨርሺ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የምነካውን ሳላውቅ የማኅበሩን ሥራ በሙሉ በስሜ አስገባሁት። ጡሩንባ በግድግዳው በኩል፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ለብቻሽ መንግሥት ልትሆኚ ነው እንዴ?" ብላ ጮኸችብኝ።

በኋላ ሥራዬ መደወል ሆነ። ድምፄ ዝግ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ አይደነግጡም። ለእያንዳንዱ ደዋይ ለምርመራው ከተመዘገቡት ሃያ ሰው ይሰጠዋል፤ ከሃያው ውጪ አያይም። የተመዘገበ ሰው ከፈለገ "ስሜ አይታይ" የሚለውን ይመርጣል፤ ያኔ ስሙ ለሕዝብ አይወጣም፣ ደዋዩና የማኅበሩ ኃላፊዎች ግን ያዩታል። እኔም እየደወልኩ፣ በየትኛው ዘመን እንደሠሩ፣ ስማቸው ለጤና ቢሮው እንዲተላለፍ አሁንም እንደሚፈቅዱ እጠይቃለሁ። ወደድኩት። ሰው በሕይወቴ እንዲህ አዋርቶኝ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ ሃያ ስም መጣልኝ። አሥራ አራተኛዋ አንቺ ነበርሽ። ስምሽ ከነአባትሽ፣ ማቅለሚያ ክፍል፣ ሁለተኛ ፈረቃ። ከጎኑ፣ "ስሜ አይታይ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋሁት። ቆይቼ ገለበጥኩት። አልተለወጠም።

መደወል አቃተኝ። ገጹ ላይ "ለሌላ ደዋይ አስተላልፍ" የሚል ቦታ አለ፤ እሱን ስትጫኚ ምክንያት ጻፊ ይልሻል። ብዙ አስቤ አንድ ቃል ጻፍኩ፤ "አውቃታለሁ።" በእኔ ሐሳብ የተጻፈ ነገር ማለት የሰጠሽው ሰው ብቻ የሚያነበው ነው። ጡሩንባ ብቻ የምታየው መስሎኝ ነበር። ለካ ምክንያቱን ማኅበሩ በሙሉ ያነበዋል። ብርጭቆዬን አጥቤ ሳልጨርስ መልሱ ይዘንብ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ፣ የሟች አባቱን ስም ያስመዘገበው፣ "እትዬ፣ ካወቋትማ እሰየው! እርስዎ ይደውሉላት እንጂ ለምን ያስተላልፋሉ?" ብሎ ጻፈ። ሌላዋ የጭብጨባ ምልክት ላከችልኝ። የደወለችልሽ ጡሩንባ ናት።

ሐሙስ ዕለት አምስታችን ጡሩንባ ቤት በኮምፒውተሯ ዙሪያ ተሰበሰብን። ያልሽውን ነገረችን። ስሜን ማን ያያል ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሻት። አንድ ጊዜ ራስ በሌለው ወረቀት ላይ ፈርሜ ራሴን ለይተው አገኙት አልሻት። ስሜን የሚያዩትን ሰዎች በስማቸው ካላሳወቃችሁኝ በሚመጣው አርብ አውጡኝ አልሻት። አርብ ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀን ነበር፤ በዝርዝሩ ያልገባ አይመረመርም። ከዚያ ጡሩንባ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ስታደርግ አይቻት አላውቅም። "ሴትዮዋ ሁለት ቃል ተናግራ ሦስተኛውን በሳል ነው የምትጨርሰው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳል ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፤ ያ የጉንፋን አይደለም። ይህችን ሴት ከዝርዝሩ ካጣናት እኛ ምን ልንባል ነው?" አለች።

ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ፀጉር አስተካካዩ፣ "እትዬ ያውቋት የለ? አንድ ቃል ቢነግሯት ታምናለች" አለ።

ወረቀቱን አንቺ አትረሺውም፤ እኔ ግን እንደማልረሳው እንድታውቂ ልጻፈው። ምሳ ሰዓት፣ ከክር ካርቶኖቹ ኋላ። የምሳ ዕቃሽን ክዳን ወረቀት ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ አዞርሽ። "ስማችንን በክቡ ላይ እንጽፋለን፤ ጭንቅላት ከሌለው ማንን ይቆርጣሉ?" አልሽ። መሃሉ ላይ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተበላሸው አየር ማስወጫ ይሠራልን። ሃያ ሁለት ሰው ፈረመ። መጀመሪያ አንቺ፣ መጨረሻ እኔ። ክብ ስለሆነም የመጨረሻዋ ከመጀመሪያዋ ጎን ሆንኩ። በዕድሜዬ ስሜን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ሰኞ አንቺ ያዢው አልሽኝ፤ ማንበብ አትችልም ስለሚሉሽ ማንም አይጠረጥርሽም ብለሽ።

እሁድ አልፎ ሰኞ አንቺ ተባረርሽ። ሃያ አንዳችን በማስጠንቀቂያ ታለፍን። እኔ ወረቀቱ ከሽርጤ ኪስ ተሰረቀ አልኩሽ። አመንሽኝ። በር ላይ ዕቃሽን በፌስታል ይዘሽ፣ "አታልቅሺ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አልሽኝ። ሌላ ነገር ብትዪኝ ምናለበት እያልኩ ነው የኖርኩት።

አልተሰረቀም።

ቅዳሜ ስንወጣ "ደወሉ" በር ላይ ያዘኝ። ያ የነሐስ ደወል እየደወለ የሚያስገባን የሚያስወጣን ሰዓት ተቆጣጣሪ፤ ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። የወረቀቱ ጫፍ ከኪሴ ወጥቶ ነበር። ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? ፊደልና የዶሮ ጭረት ለይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። "እስቲ።" ዘርግቼ አነበብኩለት። አየር ማስወጫውን አነበብኩ፤ ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ክቡን እየተከተልኩ፣ ጣቴን እያስኬድኩ። ሳቁን ትቶ ያዳምጠኝ ጀመር። እንዲህ አድርጎ ያዳመጠኝ ወንድ አልነበረም። ስጨርስ፣ "ግን ክብ ነው። ከየት ነው የሚጀምረው?" አለኝ።

ጣቴን ስምሽ ላይ አሳረፍኩ።

"ጎበዝ" አለኝ።

አላስፈራራኝም። ምንም አልሰጠኝም፣ እሰጥሻለሁም አላለኝም። ወረቀቱን ከእጄ ሲወስደው እንኳ ገና ማንበቤ ነበር የሚያስደስተኝ። በክቡ ላይ የእኔ ስም ካንቺ ስም አጠገብ ነበር፤ ጣቴን በአንድ ስም ባሻግረው ኖሮ እኔ ላይ ያርፍ ነበር። ማንበብ ባልችል ኖሮ አልጎዳሽም ነበር። ስምሽን መለየት የቻልኩት አንቺ ስላስተማርሽኝ ነው።

ይህን ነው ያን ሐሙስ ለጡሩንባ የነገርኳት፤ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ፣ ቆሜ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ብዙ አየችኝ። "እና አሁን ምን ላድርግሽ? ልምታሽ?" አለችኝ። "የምትደውይላቸው ሽማግሌዎች እኮ ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የሚወዱሽ፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ" አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ስምሽን የሚያዩት ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ የእኔ ስም አምስተኛ። ከጎኑ "አስወጣ" ይላል። "እኔ አላወጣሽም። ራስሽ ተጫኚው።"

ተጫንኩት። ገጹ ወዲያው አላስወጣኝም፤ መጀመሪያ ጠየቀኝ። "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ፣ በአክብሮት። ያን ቅዳሜ በር ላይ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ምን እል ነበር እያልኩ ቆምኩ። ጡሩንባ አላጣደፈችኝም። ከዚያ አዎ አልኩ፤ ስሜ ጠፋ፤ ሃያዎቹም ሰዎቼ አብረው ጠፉ። አሁን የእኔ ሥራ ወረቀት ማድረስ ብቻ ነው፤ የታሸገ ፖስታ፣ ከጡሩንባ ቤት እስከ ጤና ቢሮው። ደረጃው አርባ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ቁልፌን እፈልጋለሁ።

የቀሩት አራት ስሞች በማግስቱ ጠዋት ተላኩልሽ። አንዳቸውንም አታውቂያቸውም። አርብ ከሰዓት በኋላ ጡሩንባ መስኮቴ ሥር ቆማ፣ "አልወጣችም! አለች!" ብላ ጮኸች፤ የጋራዡ ሰዎች መዶሻቸውን ይዘው ቀና አሉ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ቀረሁ።

አድራሻሽን አይቼዋለሁ። አልገለበጥኩትም፤ ለመርሳትም ጥሬያለሁ፤ የቤት ቁጥሩን ግን አልረሳሁትም፣ ይህንንም እነግርሻለሁ። ከዝርዝር ላይ ባነበብኩት አድራሻ በርሽ ድረስ ብመጣ ያንኑ ነገር ደገምኩት ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ጡሩንባ ዘንድ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ትጠይቅሻለች፤ ወረቀቱን የያዘችው ጓደኛሽ ደብዳቤ ጽፋለች፣ ይምጣልሽ ወይ ብላ። አይምጣ ካልሽ ወደ እኔ ይመለሳል፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ይህን መስመር እያነበብሽ ከሆነ ይምጣ ብለሻል፤ እኔ ግን ስጽፈው ያንን አላውቅም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለቤቴ በመጨረሻው ወር፣ ትራሱን ከፍ እያደረግሁለት ሳለ፣ "ያቺ ክቧን የሠራችው ሴት የት ደረሰች?" ብሎ ጠየቀኝ። በሃያ አራት ዓመት ትዳራችን ስላንቺ አንስቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሳሁም። አላውቅም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካረፈ በኋላ ልብሱን ስሰበስብ ከሣጥኑ ሥር በር ላይ ይደውለው የነበረውን የነሐስ ደወል አገኘሁት፤ ከደወሉ ሥር ደግሞ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት።

እሱን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ያንቺ ነው። እርሳሱ ደብዝዟል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። አንዱ ስም ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ አለ፤ ያን ሳምንት ሰማያዊ ነበር የምናቀልመው፣ እጃችን አይለቅም ነበር። ምርመራሽ ላይ የት እንደሠራሽ ማስረጃ ቢጠይቁሽ ያገለግልሻል። ማን ክቡን እንደጀመረው ከእንግዲህ ለፈለግሽው ሰው የምትናገሪው አንቺ ነሽ።

ፈጣሪ ደረትሽን ያቅልልሽ፤ ትንፋሽሽን ያስፋልሽ። ደረጃ ስትወጪ እጅሽን የሚይዝ ሰው አያሳጣሽ። ሐኪሙ የሚነግርሽ ቃል መልካም ይሁን።

ጓደኛሽ ብዬ ልፈርም ጀምሬ እጄ ቆመ።

ተማሪሽ