ጠጠሩ ላይ የበላነው ምሳ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ራሞና፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የአላስካው ብርድ ዘንድሮስ አልበረታብሽም? ኬንት ያንን ሳሉን ለሐኪም አሳየ ወይስ ዛሬም "ይለቀኛል" እያለ ነው? ኢንግሪድስ ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? እኛ ደህና ነን። ማርላ አልፎ አልፎ ራሷን ያማታል እንጂ በጤናዋ ናት። እኔም ከንዴቴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እሱ ደግሞ አብሮኝ ያደገ ሕመም ነው።

ለፋሲካ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው። "በመስከረም ልመጣ አስቤአለሁ፤ ነገር ግን እንደ ባለፈው አንድ ቀን ቨርጂል ቤት፣ አንድ ቀን አንተ ቤት እየተከፋፈልኩ አልበላም። ሁለታችሁ በአንድ ገበታ ካልቀረባችሁ አልመጣም" ብለሻል። ቃልሽን እንደማታጥፊ አውቃለሁ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ስናደድበት ሰነበትኩ።

አንቺ ሩቅ ሆነሽ "በጠጠር ተጣሉ" ትያለሽ። ነገሩ ጠጠር ብቻ አይደለም። ግንቦት ላይ ባስ የሚባለው ዓሣ ወንዱ ጠጠሩን በጭራው ይጠርጋል፣ ሴቲቱ ዕንቁላሏን ትጥልበታለች፣ ከዚያ ወንዱ ሳይበላ ቆሞ ይጠብቃል። ታላቅ ወንድማችን ቨርጂል በዚያው በግንቦት፣ ለመኪና መንገዱ ብሎ፣ ትራክተር አስገብቶ ያንን ጠጠር ዛቀው። እኔም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "የዓሣውን መራቢያ አጠፋህ" ብዬ ሰው ፊት ነገርኩት። የነገርኩት እውነት ነበር፤ ዛሬም አልመልሰውም። እሱ በማግስቱ ወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎቹን ሁሉ ሐምራዊ ቀለም ቀባ። በእኛ አገር ሐምራዊ ቀለም "ከዚህ ካለፍክ ሸሪፍ እጠራለሁ" ማለት እንደሆነ ላንቺ አይነገርሽም። ለባዕድ የሚቀባውን ለእናቱ ልጅ ቀባው።

ሕጉ ግን ለባለ መሬት የሚሰጠው ዳርቻውን እንጂ ውኃውን አይደለም። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከድልድዩ ሥር እገባና የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን ይዤ፣ ውኃውን እየገፋሁ፣ ሽቅብ እስከ ቤቱ ፊት እሄዳለሁ። ሽቅብ መሄዴ ለእልህ አይደለም። ጅረታችን እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ ቁልቁል የሚሄድ ሰው ያደፈረሰው ጭቃ ይቀድመውና ዓሣውን ያስበረግገዋል። አባባ እንዳስተማረን እግሬን ሳላነሣ እያንሸራተትኩ፣ ድንጋይ ሳላንኳኳ እሄዳለሁ። አንድ ቀን እንኳ መሬቱን አልረገጥኩም።

እሱም ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ፣ ቀዝቃዛ ሻዩን ይዞ ይጠብቀኛል። "ፕሮፌሰር፣ ዛሬም ዓሦቹን ልታስተምር መጣህ?" ይለኛል። አንድ ቀን ፀሐይዋ ከኋላዬ ሆና "ጥላህ መሬቴን ረግጧል፤ አንሣልኝ" አለኝ። "ፀሐይዋን ክሰሳት" አልኩት። ኦፓል ከበረንዳቸው ሆና "እነዚህ ሽበታም ሕፃናት" ስትል ሰማኋት። ከዚህ ያለፈ ንግግር አልነበረንም።

ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ጥልቅ ውኃ ታስታውሺዋለሽ፤ ዋና የተማርሽበት ነው። በእግር አይታለፍም፤ እኔም ሁልጊዜ ከዚያ እመለሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማጥመጃዬን፣ የጎማዋን ሸርጣን፣ ዳር ካለው ዛፍ ጥላ ውስጥ ጣል ሳደርጋት ክሩ ተወጠረ። ዓሣው ከውኃው ዘሎ ወጣ፤ ክንዴን ያህላል፣ ጀርባው እንደ አሮጌ ነሐስ ነው። ተመልሶ ገባና ክሩን ውኃ ውስጥ ከገባው የዛፉ ሥር ጋር ጠመጠመው። እኔ እስከ ብብቴ ውኃ ውስጥ ነኝ፤ አንድ እርምጃ ብጨምር እሰጥማለሁ። ዳር ወጥቶ ከላይ ሆኖ መፍታት ግን ቀላል ነበር። ቨርጂል ያየኛል። "ልውጣ?" አላልኩትም፤ እሱም "ውጣ" አላለኝም። ዓሣው ብቻ ይታገላል።

ከዚያ ቨርጂል ተነሣ። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ አኖረና ከነጫማው ገባ። ጉልበቱ ብረት የገባበት፣ ደረጃ እንኳ በቀስታ ውጣ የተባለ ሰው። "ውኃው የሁሉም ነው ስትል አልነበር?" አለኝ ሳያየኝ። እጁን ሰዶ ክሩን ከሥሩ ሲያላቅቅ የረገጠው ድንጋይ ከዳው። "ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ። ከተጣላን ወዲህ እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም። ዘንጉን ለቅቄ ብብቱ ሥር ያዝኩት።

እንዲያው ተያይዘን ቆምን። "ዘንግህን ጣልክ" አለኝ ውኃ እየተፋ። "አይቻለሁ" አልኩት። "የአባባን ዘንግ" አለ። "አይቻለሁ አልኩህ እኮ።"

ክንዴን ተደግፎ ዘንጉን ፍለጋ ቁልቁል ወረድን። ውኃው ሳስቶ በሚንቦጫረቅበት፣ እሱ በዛቀው ቦታ ላይ፣ ድንጋይ ይዞት አገኘነው። ክሩ ተበጥሷል፤ ዓሣው የለም። ላነሣው ጎንበስ ስል ግን ከጠጠሩ በላይ እንደ ተበተነ ቁንዶ በርበሬ የጠቆሩ የባስ ጫጩቶች ይርመሰመሱ ነበር።

"ጠጠሩ ተመልሷል" አለ ቨርጂል ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጎርፉ ነው ያመጣው። አራት ዓመት ፈጅቶበት" አልኩት። "ከአንተ ይሻላል" አለኝ።

መሐል ጅረቱ ላይ ያለው ደረቅ ጠጠር የእሱም አይደለም፣ የእኔም አይደለም። እዚያ ተቀመጥን። "ኦፓል፣ ምሳውን ወዲህ አምጪው" ብሎ ተጣራ። "ቤት የለህም እንዴ አንተ ሰውዬ?" አለችው። "ቤቱማ መሬቴ ላይ ነው" አላት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዳቦውንና ቲማቲሙን ከራሷ በላይ ይዛ ገባች። ትስቅ ይሁን ትራገም አልለየሁም። ይቅርታ የሚል ቃል ከማናችንም አልወጣም። ቀለሙም እንዳለ ነው፤ ስበላ ፊት ለፊቴ ነበር። ቲማቲሙ ግን ጥሩ ነበር።

እትዬ፣ ደብዳቤሽን ከመሳቢያው አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። የጻፍሽው "በአንድ ገበታ" ነው እንጂ "በአንድ ጣሪያ ሥር" አላልሽም። ይህንኑ ለቨርጂል ብነግረው "እሷ ደግሞ መቼ ተሳስታ ታውቃለች" ብሎ ሳቀ። ድንቹን እኔ እጠብሳለሁ ብሏል። ያቃጥለዋል፤ ዝም ብዬ እበላለሁ።

ኬንትን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን ይታከም። ኢንግሪድን ጉንጯን ሳሚልኝ። አብረዋችሁ ላሉት ለኬንት እናት እጅ እነሣለሁ። ማርላ በናፍቆት ሰላም ብላሻለች፤ ኦፓልም እንደዚሁ። ከተጣላን ወዲህ ቨርጂል ሰላምታውን በእኔ በኩል ሲልክ ይህ የመጀመሪያው ነውና ሳልዘነጋ አድርሻለሁ።

በመስከረም ስትመጪ ውኃ የሚችል ጫማ ይዘሽ ነይ።

ወንድምሽ ዌንደል

ዊሎ ፎርክ፣ ሚዙሪ
ጁን 5 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.