የበሩ መቀርቀሪያ

ውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ትንሽ ተሻለሽ? ትናንት በስልክ ድምፅሽ ደኅና መስሎኝ ነበር፤ ግን አንቺ እያቃሰትሽም ደኅና ነኝ የምትይ ሴት ስለሆንሽ አላምንሽም። እኔ ጤነኛ ነኝ። ባለቤቴና ልጁም በአካል ደኅና ናቸው። የላክሽልኝ ካልሲዎች ደርሰውኛል፤ ልኬ ናቸው። እንደ ድሮው ገልብጬ ነው የማደርጋቸው። ስፌቱ ጣቴን ከነካኝ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም፤ ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም።

ውሻው በርሽ ላይ ተኝቶ እንዳገኘሽው ነገርሽኝ። ከስቷል፣ አንገቱ ላይም የተበጠሰ ገመድ አለ አልሽ። ብትጮኺብኝ ኖሮ እኔም ጮኼ እገላገል ነበር። አንቺ ግን ምድጃ ላይ የጣድሽው ነገር እንዳለ ነግረሽኝ ስልኩን ዘጋሽው። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። በስልክ እንኳን ይህን፣ ደኅና ዋልሽ ማለትም ይከብደኛል።

ውሻሽ ዳኛ ጠፍቶ አልነበረም እትዬ። ወስጄ ለሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ወዲህ ስንት በር እንዳንኳኳን ታውቂያለሽ። የምታክመው ባለሙያ ከውሻዋ ጋር ስታገናኘው፣ ሰው ሲነካው ጣራ የሚነቅለው ልጅ የውሻዋን ጆሮ ይዞ ጸጥ ሲል አይቼ አላመንኩም ነበር። ውሻ አይቸኩልም አለችን። ፊቱ አይለዋወጥበትም፣ ለምን ዝም አልክ ብሎ አይጠይቀውም። አያድነውም፤ ግን ልጁ በእሱ በኩል ወደ ሰው ሊሻገር ይችላል፤ ብቻ አታጣድፉት አለች። አንቺም ይህን ስትሰሚ፣ በርሽ ላይ እንደ ችሎት ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመረምረውን የራስሽን ውሻ አንስተሽ ሰጠሽን። ምን ያህል እንደምትወጂው እያወቅሁ ተቀበልኩሽ።

የሆነውን ለውጥ ባለቤቴ ነግራሻለች። ልጁ በየማታው ያበጥረው ነበር። እግሩ ላይ ሲተኛበት ክብደቱ ያረጋጋው ነበር። ፀጉር ለማስቆረጥ አራት እጅ ይጠይቅ የነበረው ልጅ፣ ዳኛ ወንበሩ ሥር ከተጋደመ ዝም ብሎ ይቆረጥ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ውሻውን እያየ፣ ቀጥሎ ተረኛው እሱ ነው ወይ ብሎ ባለቤቴን በሳቅ ገደላት። እኔም ስቄ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ዳኛ ና አለ።

ባለቤቴ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ አቅፌ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ቆምኩ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አባ እንዲለኝ እጠብቃለሁ፤ ፎቶዬን እያሳየሁ፣ ከረሜላ እየደበቅሁ፣ አንዳንዴም እየተቆጣሁ። የጠራው ግን ውሻውን ነው። በውሻ ቀናሁ እትዬ።

ቅናቴን የዘዴ ልብስ አለበስኩት። አባ እስኪል ድረስ ዳኛ ከመስተዋቱ በር ውጭ እንዲውል ደነገግሁ። ያለ ሽልማት ትምህርት የለም፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው አልኳት ባለቤቴን። አንድም ጥናት አላነበብኩም። እሷም ሐኪሟ አታጣድፉት ነው ያለችው፣ ልጅ እያሳደግህ ነው ወይስ የሰው ፕላን እያረምህ አለችኝ። ፕላን ላይ ለሚሊሜትር ስህተት እንኳን ስለማልምር ቢሮ ውስጥ መሐንዲሶቹ ሚሊሜትር እንደሚሉኝ ታውቃለች፤ ስትናደድ እሷም እንደዚያው ትለኛለች።

ልጁ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አሳርፎ ይቆማል። ከወዲያ ማዶ የውሻው አፍንጫ። ወደ እኔ አንዴም አልዞረም። በኋላ ግንባሩን ያጋጨው ጀመር፤ ባለቤቴ መጥታ በሩን ከፈተችና ሦስቱም ጥለውኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ እሷ ልጁን ወደ ሕክምናው ስትወስደው ከቢሮ ተመለስኩ። ውሻውን መኪና ውስጥ አስገብቼ ከከተማው ዳርቻ ወዳለው የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰድኩትና ለጥበቃው ሰጠሁት። ቤት ልንቀይር ስለሆነ ነው አልኩት። ጥበቃው ይናከሳል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ በፍጹም ስለው፣ አይ፣ እርስዎን ሲያይ ጭራውን ስለደበቀ ነው አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለመጻፍ ብዕሬን ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ። ቤት ተመልሼ የውጭውን በር መቀርቀሪያ ከፍቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ሲመጡ፣ መጨረሻ የወጣው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ጀማሪ መሐንዲሶችን በማፋጥጥበት ድምፅ። መጨረሻ የወጣችው እሷ ነበረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ቀን ወዲህ እየተነሳች መቀርቀሪያውን ትነካካለች። ጎረቤት ሲጠይቃት በራሴ ዝርክርክነት ነው ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ።

ያኔውኑ ልትፈልገው ወጣች። ልጁ እጇን ይዞ፣ እኔ ከኋላ። የአውቶቡስ ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት የሚቀመጠው ልጅ በጋራዡ፣ በጫማ ሱቁ፣ በሰዉ መሐል ዳኛ ና፣ ዳኛ ና እያለ ይጣራል። አትክልት ሻጯ፣ ይሄ ልጅ አይናገርም ሲባል አልነበር፣ ጉድ እኮ ነው፣ አሁንስ ማን ያስቆመዋል አለች። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ውሻው የት እንደታሰረ እያወቅሁ በየጉድባው አጎንብሼ አየሁ።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ ልጁ የእናቱን እጅ ለቀቀ። መጥቶ የእኔን ያዘ። ማንም ሳያዘው ይዞኝ አያውቅም። ቀና ብሎ፣ አባ፣ ዳኛ አለኝ።

የጠበቅሁት ቃል መጣልኝ። የሰረቅሁትን እንድፈልግለት።

ወዲያው መኪናዬን አስነስቼ ወደ ግምጃ ቤቱ በረርኩ። ጥበቃው ገመዱን ቆርጥሞ እንደሄደ ነገረኝ፤ ውሻ ቤቱን ያውቃል ጌታዬ አለኝ። ግምጃ ቤቱ ወደ አንቺ በሚወስደው መንገድ ላይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። የሰውን ስህተት በጣት ስለቅም የኖርኩ ሰው የራሴን ተንኮል እንኳን በወጉ አላሰላሁትም።

ትናንት መገኘቱን ስነግራት ባለቤቴ ስልኩን ሳመችው። ምስኪን፣ በእኔ የተነሳ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ አለች። የገመዱን ነገር አልነገርኳትም። እራት ቀረበ፤ በላሁ።

ከዚህ በፊት ሌላ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር፤ ገመዱን ጣይልኝ የሚል። ቀደድኩት። ገመዱን ከአንገቱ ፍቺለት፣ ግን አትጣዪው። ቅዳሜ ሦስታችንም እንመጣለን። ከዚያ በፊት እነግራታለሁ። ነግሬያት አብራኝ ካልመጣችም ልጁን ይዤ እመጣለሁ። ሳልነግራት ከመጣሁ ግን እንድታየው ገመዱን ጠረጴዛ ላይ አኑሪው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስትሸፍኚልኝ ኖረሻል፤ ይህን እንዳትሸፍኚልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን፣ በቤተሰባችሁ እንደ እሱ ያለ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። የለም አልኳት፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ። ልጅ ሳለሁ እንግዳ ሲበዛብኝ ግራጫዋን ድመታችንን ደረቴ ላይ አስተኝተሽልኝ፣ እስክረጋ ድረስ ማንም እንዳይገባ በሩን ይዘሽ ትቆሚ እንደነበር አልነገርኳትም።

ለልጁም ካልሲ እልክለታለሁ ብለሽ ነበር። ላኪለት። እሱም ገልብጦ ነው የሚያደርገው። ማንም አላስተማረውም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ደክሞት የመጣ ሁሉ የሚያርፍበት በርሽ አይዘጋ፤ ለእኔም ጭምር።

ታናሽ ወንድምሽ