በከድር ስም የሞተው ባሌ

ሰይዴ፣ አካሌ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛ ሳምንትህን ያዝክ። እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ የት እንዳለህ አውቃለሁ። እዚሁ ሳውዲ፣ ጂዛን ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ተኝተሃል፣ ያውም በሰው ስም። ኧረ ስንቴ ለምኜህ ነበር! ሚስትህ የምትልህን መች ትሰማለህ? የራስህ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለህ፣ ሆድህን ሲቆርጥህ የአገርህን ልጅ የከድርን ኢቃማ ይዘህ አቡ ዓሪሽ ክሊኒክ ሄድክ። ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ፤ አንዱ ኢቃማ ካለው ሌላው ሁሉ በሱ ይታከማል። ፎቶውን ማን ያየዋል ብለህ ሳቅክብኝ። እውነትህን ነው፣ ማንም አላየውም።

ያዩት የከድርን የሕክምና መዝገብ ነው። ከድር የቆየ የጨጓራ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ያንን አንብቦ፣ ሆድህን እንኳ ሳይዳብስ ያው ጨጓራህ ነው ብሎ የከድርን መድኃኒት ሰጠህ። በማግሥቱም ሄድክ፣ ያንኑ ጨመረልህ። ትርፍ አንጀትህ ፈንድቶ ጂዛን ስትደርስ ኸላስ፣ አልቆ ነበር። አርብ አርብ ባሕሩ ዳር ዓሣ ስንበላ እሾኹን እየለቀምክ ታጎርሰኝ የነበርከው ሰውዬ፣ በመጨረሻ ውኃ እንኳ አልወርድ አለህ።

ቤታችን እንደነበረ ነው፤ ስልክህ ብቻ አያርፍም። እናትህ አልሰሙም። በየጠዋቱ ድምፃቸውን ይልካሉ፣ ሰይዴ ምነው ጠፋህ ይላሉ፤ እኔም ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ እዋሻለሁ። ለከድር እናት ግን መርዶ ተነግሮ፣ ድንኳን ተጥሎ ተለቅሷል። ከድር ራሱ ደውሎ አለሁ ሲላቸው፣ የልጄን ድምፅ የያዘ ጂን ነው ብለው ስልኩን ወረወሩት አሉ።

ጠበቃ አማከርኩ። ሳይመረምርህ መስደዱ ያስከስሳል አለኝ። ግን መክሰስ የሚችለው የሟች ቤተሰብ ነው፤ በመዝገቡ የሞተው ደግሞ ከድር ነው። እኔ የከድር ምኑ ነኝ? ሰይድ መሆንህን ከተናገርኩ ክሊኒኩ በሰው ስም ገብቶ አሳሳተን ይላል፣ ከድር ኢቃማውን በማዋሱ ይታሰራል፣ እኔም እያወቅሽ ዝም ብለሻል ተብዬ እጠየቃለሁ። ካልተናገርኩ ደግሞ ነገ ከጁምዓ በኋላ ከድር ብለው ይቀብሩሃል። አፈር ከገባህ ወዲያ አስከሬንህን ማስመርመር ጭንቅ ነው።

ትናንት ከድር መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። ተይው እህቴ፣ ለልጆቼ ስትዪ፣ እኔው ሞተ ተብዬ ልቅር አለኝ። አንጀቴን በላው፣ አብረን አለቀስን። ከሄደ በኋላ የማላውቀው መኪና በራችን ላይ ቆሞ ዋለ። ክሊኒኩ ይሁን ፖሊስ፣ ማን እንደላከው አላውቅም። ብደውልለት ከድር ስልኩን ዘግቷል። ዛሬ ደግሞ ያው መኪና ተመልሶ መጥቷል።

ያ ሐኪም ግን ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው፤ ዛሬም የአገራችን ልጆች በሰው ኢቃማ ፊቱ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ነገ በጠዋት ሬሳ ክፍሉ በር ላይ እቆማለሁ። ይሄ ከድር አይደለም፣ ባሌ ሰይድ ነው፣ ይመርመርልኝ እላለሁ። አልረሳህም የምልህ እንዲህ ነው፤ እዚያ ባሉት ሁሉ ፊት ስምህን ከነአባትህ ጠርቼ። እኔ የትም ብወሰድ ስምህ ከአፌ አይጠፋም።

ስምህን አስመልሼልህ ከድርን አሳስረዋለሁ ማለት ነው። ይቅር ባይለኝ አልፈርድበትም።