ሸራ ለብሶ የከረመው ሞተር

ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሥራህም የቀና እንዲሆን ምኞቴ ነው። እንዴት ከርመሃል? ወገብህንስ ተሻለህ? ስምንት ዓመት ያልተጠየቀ ጤና በአንድ መስመር ተጠይቆ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ ግን ከአንድ ቦታ መጀመር አለብኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም አለች። ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋኸው። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም ብዬ ተቀመጥኩ። አድራሻህንም የወገብህንም ነገር የነገረኝ አብሮ አደግህ፣ መካኒኩ አይቸኩሌ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ትገናኙ ኖሯል! በየሳምንቱ ጋራዡ ውስጥ እያየኝ ትንፍሽ አላለም። ሁለታችሁም ጉዶች ናችሁ።

የምጽፍልህ ጥፋቴን ልነግርህ ነው። አትቆጣ፤ ወይም ተቆጣና አንብበህ ጨርስ። የአባባን ፒካፕ ሞተር አስቀየርኩት።

አባባ ሊሞቱ ሰሞን «መኪናዋ የትልቁ ናት፣ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካካት» ብለው ነበር። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካካኋትም። እየነዳኋት ነው ታዲያ፤ ዘይትና ውሃዋን እያየሁ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ስትል እየለመንኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እንደ ታላቅ እህት አክብሬ ነው የያዝኳት።

ግን እማዬ ታመመች። ኩላሊቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል አደርሳታለሁ፤ አራት ሰዓት ማሽኑ ላይ ትቆያለች። ተራዋ የማለዳው ነው፣ ካረፈድን ሌላ ሰው ይገባበታል። አንድ ሰኞ ድልድዩ መሐል መኪናዋ ሁለቴ ሳለችና ዝም አለች። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡራተሩን ነካካሁ፣ ባትሪውን ነካካሁ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ። ከኋላዬ የተደረደረው መኪና ክላክሱን ያስጮኸዋል። እማዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ተያት ልጄ፣ ደክሟት ነው፣ ትንሽ ትረፍ» ትለኛለች። ስንደርስ ተራዋ አልፏል። እስከ ረቡዕ ድረስ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ቆየች። ረቡዕ ከሆስፒታል መልስ በቀጥታ ወደ አይቸኩሌ ጋራዥ ነዳሁ።

እሱም አገላብጦ አይቶ፣ ይህ ሞተር አልፎ አልፎ ለሽርሽር እንጂ በየቀኑ ታማሚ ለማመላለስ እንደማይሆን ነገረኝ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ጓሮ ያለውስ?» አለኝ።

የትኛው እንደሆነ ይገባሃል። ከአባባ ጋር የተጣላችሁበት ያ ያንተ ሞተር። ከስንት ቦታ አፈላልገህ አምጥተህ፣ «ይኸው አባባ፣ ሳይጨነቁ በየቀኑ ይንዱበት» ስትላቸው፣ «እኔን ቀብራችሁ ትቀይሩታላችሁ» ብለው የጮኹብህ። አንተም «እንግዲያው ያኔ ጥሩኝ» ብለህ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወጣህ። ያኔ ጠራንህ፣ አልመጣህም። ሳጥናቸውን ሲያወጡ ያንተን ቦታ የያዘው አይቸኩሌ ነው። ይህን ያነሳሁት ልወቅስህ አይደለም። ውሸቴን ነው፣ ልወቅስህም ነው።

ዝጎ እንደ ድንጋይ ደርቋል ብዬ ነበር። አይቸኩሌ ሸራውን ገፈፈ፣ መፍቻውን አስገብቶ ጠምዘዝ ቢያደርገው ያለ ምንም ችግር ዞረ። እንደገና አዞረው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ ስምንት ዓመት የቆመ ሞተር እንዲህ በእጅ እንደማይዞር፣ በየጊዜው ዘይት እያጠጣ ሲያዞረው የኖረ ሰው እንዳለ ነገረኝ። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። እማዬን ስጠይቃት ምን ይገርማል በሚል ድምፅ፣ «አባትሽ ናቸዋ» አለች። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የዘይት ጣሳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር፤ የልጄ ልፋት ነው፣ እንዲሁ ዝጎ አይቀርም ይሉ ነበር። ታዲያ ይህን ለምን ለሱ አልነገሩትም ስላት፣ «መቼ መጥቶ ጠየቃቸው?» አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ አልቅሻለሁ። አንተም ብታለቅስ ማንም አያይህም።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ እስከዚያው እማዬን በኮንትራት ታክሲ አመላልሼ ኪሴ ተራቆተ። አይቸኩሌ ስሙን በከንቱ አላገኘውም። የድሮውን በሰንሰለት አንጠልጥሎ አወረደው። ያንተው አጠር ስለሚል የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ እንደገና በየደው። ከድሮው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ብረት ሁለቴ ሠርቶ ሁለቴ ጣለው፣ ሦስተኛው ልክ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ቁልፉን ገና ነካ ከማድረጌ ተነሳች፤ ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። በደስታ አይቸኩሌን ከነግራሶ ቱታው አቀፍኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አላመለጠንም። አምስት ወር ሙሉ እናትህን ሆስፒታል ያመላለሳት ያንተ ሞተር ነው። ይህን እወቅልኝ።

ጥፋቴ ያለው እዚህ ነው። በድሮው ሞተር ጊዜ፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ እማዬ የግቢውን በር ከፍታ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ታማም ቢሆን፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛም ቢሆን። እኔ ደግሞ ለኔ ይመስለኝ ነበር። ሞተሩ ከተቀየረ በኋላ ክላክስ ባደርግ የሚከፍትልኝ የለም፣ ራሴ ወርጄ እከፍታለሁ። እማዬ ከወንበሯ አትነሳም። ሕመሙ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ገብቼ ስስማት ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባትሽ ዛሬም አልመጡም» አለችኝ።

መሞታቸውን ታውቃለች። ጠዋት ብትጠይቃት ቀኑን ሳይቀር ትነግርሃለች። ሲመሻሽ ግን ጆሮዋ ከሷ ተለይቶ ይጠብቃል። ትዝ ይልሃል፣ አባባ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይመልሱና ነዳጁን ሁለቴ ይረግጣሉ፤ ሞተሩ ሁለቴ ያገሳል፤ እማዬ «መጡ» ብላ ትነሳለች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ክላክስ አድርገውባት አያውቁም። ያንተን ሞተር ያልገጠሙት ለዚህ ይመስለኛል። ይህን በቃል መናገር አያውቁበትም ነበር፤ መቆጣት ነው የሚያውቁበት። እኛም ግትርነት ነው አልን።

ልመልሰው ሳስብ ድልድዩ ትዝ ይለኛል። ወይ የባሏን ድምፅ ወይ ቀጠሮዋን መምረጥ ነበረብኝ፣ ሳላማክራት ቀጠሮዋን መረጥኩላት። ስንት ምሽት ዝም ብላ እንደጠበቀች ሳስብ ራሴን እጠላለሁ።

አሁን መምረጡ ቀርቷል። ያለፈው ዓርብ ሐኪሙ ከእማዬ ጋር ለብቻው ብዙ አወራ። ከዚያ እኔን ጠርቶ፣ እጥበቱ ይብቃት፣ ከእንግዲህ በማለዳ እየተነሳችሁ አትንገላቱ አለኝ። ካርዷ ላይ የሚቀጥለውን ቀን አልጻፈም። እሷ እንኳን ደስ ብሏት ነው የወጣችው፤ «እሰይ፣ ሰኞ እንደ ሰው እተኛለሁ» አለችኝ። ቅዳሜ አይቸኩሌ ጋ ሄጄ የድሮውን ሞተር መልስልኝ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ያ ሰውዬ በሦስት ቀን ጨረሰው።

ያንተው ተመልሶ ሸራውን ለብሷል። ዘይት አጠጥቼ በእጄ አዙሬዋለሁ።

ትናንት በድሮው ሞተር መጣሁ። መታጠፊያው ጋ እንደ አባባ ሁለቴ ረገጥኩ፤ አንዱ ረዘመብኝ፣ አንዱ አጠረብኝ። ገብቼ ሳያት አልጋዋ ላይ ሆና ፈገግ አለችና፣ «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እኔ መንዳት የተማርኩት ማሠልጠኛ ገብቼ ነው። አንተን ግን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። አይቸኩሌ የሁለታችሁን አነዳድ በድምፅ መለየት ያቅተው እንደነበር ነግሮኛል።

ስለዚህ ና። ደብዳቤው በደረሰህ ማግስት ተነስ፣ ምክንያት አታብዛ። አይቸኩሌ መኪናዋን ይዞ መናኸሪያው ጋ ይጠብቅሃል፣ መሪውን ላንተ ይለቅልሃል። የግቢውን በር ክፍት እተወዋለሁ፤ እሷ ከእንግዲህ አትነሳም፣ እኔም ከአልጋዋ አጠገብ አልርቅም። መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልህ፣ ሳይመሽ ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ

አደራህን፣ በር ላይ ስትደርስ ክላክስ እንዳታደርግ።