የአባባ የእጅ ጽሑፍ

ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ አምስተርዳም



ይድረስ ለእህቴ ለየትነበርሽ፤ ናፍቆቴ ከሰላምታዬ ቀድሞ ይድረስሽ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጀመርኩ። ትናንት የስካንዲኔቪያ ታሪክ ስንማር፣ የአይስላንድ ሰዎች እንደኛ በአባታቸው ስም እንደሚጠሩ ሰማሁ። ሆላንዳዊቷ ጓደኛዬ፣ «ታዲያ ከስምሽ ቀጥሎ ያለው ማንደፍሮ ባልሽ አይደለም?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

«አባቴ ናቸው! ቢሰሙሽ በከዘራ ያባርሩሽ ነበር» አልኳት።

አባባ በደብዳቤሽ ግርጌ ሁልጊዜ በገዛ እጃቸው «በርቺ» ብለው ይጽፉልኝ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ግን ሰላምታቸውን የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። መነጽራቸው ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ዛሬ አዲስ ላሠራላቸው ሄድኩ። ሻጩ ከአገር ይዤው የመጣሁትን የመነጽራቸውን ማዘዣ ወረቀት አይቶ፣ «ቁጥሩ የቆየ ነው፤ ለአባትሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው» አለኝ።

ስልኩን አባባ ባያነሱትስ ብዬ ፈራሁና፣ ምንም ሳላዝዝ ወጣሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

እህትሽ ተሻለች